ለአንዱ መዝገብ፣ ለሌላው «ከውጭ ግዛ!»

አክስቴ አንድ ፌስታል አላት። ከሰባት ዓመት ወዲህ ከቤት ስትወጣ ነጠላዋን ብትረሳ እንኳ ያን ፌስታል አትረሳም። ውስጡ ምን አለ? ሦስት የተለያዩ የቀጠሮ ካርዶች፣ የተጨማደዱ የመድኃኒት ማዘዣዎች፣ ከየላቦራቶሪው የወጡ የምርመራ ውጤቶች፣ ግማሹ ያለቀ የኪኒን እሽግ፣ የጤና መድኅን ደብተሯ። «የልጆቼን ፎቶግራፍ እንዲህ ጠብቄ አላስቀመጥኩም» ትላለች ስትቀልድ። ቀልዱ ግን እኔን አያስቀኝም። ያ ፌስታል የአክስቴ ሐኪም ነው። ስለ በሽታዋ ሁሉንም ነገር የሚያውቅ በዚህ አገር ውስጥ እሱ ብቻ ነው።

አክስቴ ስኳርም ግፊትም አለባት። ስኳሩ ደግሞ ዓይኗን መንካት ጀምሯል። አንዲት ሴት፣ አንድ ገላ፣ ግን ሦስት በር፣ ሦስት ቀን፣ ሦስት ካርድ! ለስኳሩ ሰኞ፣ ለግፊቱ ሐሙስ፣ ለዓይኗ ደግሞ ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ ወር። የሰኞው ሐኪም የሐሙሱን አያውቀውም። የሐሙሱም የሰኞውን አይጠይቅም። ከሁለት ዓመት በፊት አንዱ ለግፊቷ በፋብሪካው ስም ጻፈላት፤ ሌላው በመድኃኒቱ ስም ጻፈላት። ሁለቱም አንድ አምሎዲፒን መሆኑን የነገራት አልነበረም። እሷ ታዛዥ በሽተኛ ናትና ሁለቱንም ዋጠች። ከአልጋዋ ስትነሳ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ቡዳ በላት ተባለ፣ ጠበል ተባለ። በመጨረሻ ነገሩን ያወቀው የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ሻጭ ነው። ያውም ፌስታሉን ዘርግፎ!

ባለፈው ወር ሸኝቻት ሄጄ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን፤ ተራ ለመያዝ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ካርድ ክፍል ደረስን። ልጅቷ መደርደሪያውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና፣

«ካርድዎ አልተገኘም፣ እማማ» አለች።

«የኔ ልጅ፣ የዛሬ ሦስት ወር እዚሁ ነበር እኮ!»

«ይፈልጉታል እንግዲህ። ለዛሬው አዲስ ያውጡ።»

አዲስ ካርድ አወጣን። ይኸውም ማለት ሰባት ዓመት የታመመችው አክስቴ በዚያን ዕለት በመንግሥት መዝገብ ላይ ገና መታመሟ ነው። ወጣቱ ሐኪም ምስኪን ነው፤ ከበሩ ውጭ ስድሳ ሰው ቆሞበታል። «መቼ ጀመረዎት?» ብሎ ከሀ ጀመረ። ግፊቷን ለካ፣ ጻፈ፣ «ከሦስት ወር በኋላ ይመለሱ» አለ። መድኃኒት ክፍል ወረድን። ከታዘዙት አራት መድኃኒቶች አንዱ አለ፣ ሦስቱ የሉም። ማዘዣው ላይ ማኅተም ተመታና «ከውጭ ግዙ» ተባልን።

ከውጭ ስንወጣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትንሽ እንረፍ ብለን ቁጭ አልን። በዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ አንዲት ትንሽ ክፍል ፊት ለፊት። በሩ ክፍት ነው። አንዲት ሲስተር መዝገብ ዘርግታ ስልክ ትደውላለች። «ትናንት ቀጠሮህ ነበር፤ ምነው ቀረህ? ደህና ነህ? መድኃኒቱስ አላለቀብህም? በል ነገ እንዳትቀር፣ እኔ አለሁ» ትላለች። ማንን እንደምታናግር አላውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገኝም። ክፍሏ ግን የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት ክትትል ክፍል ነበረች።

አክስቴ ጆሮዋን አቁማ ስታዳምጥ ቆየችና፣ «የሥጋ ዘመዷ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም፤ በሽተኛ ነው። ቀጠሮ ቀርቶ ነው የምትፈልገው።»

ዝም አለች። ቆየችና፣ «እግዜር ያቆየው። እኔ ብቀርስ ማን ይደውልልኛል?» አለች።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ርዕሰ አንቀጽ ያጻፈችኝ ይህች ጥያቄ ናት። እኔም ጥያቄዋን ተውሼ ለጤና ሚኒስቴርና ለየክልሉ ጤና ቢሮ ሹማምንት አቀርባለሁ። አክስቴ ብትቀር ማን ይደውልላታል?

ነገሬን ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። ለኤች አይ ቪ በሽተኛ የተደረገው በዛ አላልኩም፤ ምላሴን ይቁረጠው! እንዲያውም የምለው ተቃራኒውን ነው። ለእሱ የተደረገው ትክክል ነው፣ ሠርቷልም፤ ስለዚህ ለሌላውም ይደረግ ነው የምለው። አንዱን ወንድም ከገበታ አስነስቶ ሌላውን ማስቀመጥ የኛ ዓላማ አይደለም። ገበታው ይስፋ ነው።

እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብለን እናስታውስ። ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በይፋ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ያኔ በክፍያ ነበር። በነፃ መሰጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005፣ በኛ ጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ምን እንባል እንደነበር ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያስታውሳል። «አፍሪካዊ ሰዓት አያውቅም፣ በሰዓቱ ሊውጥ አይችልም» የሚሉ የውጭ ሰዎች ነበሩ። «ሐኪም የለንም፣ እንዴት ይደረሳል?» የሚሉ የኛም ሰዎች ነበሩ። መድኃኒቱ ትልልቅ ሆስፒታል ብቻ ይቅር ቢባል ኖሮ ስንቱ ባለቀ! ግን አልቀረም። ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። የሐኪሙን ሥራ ነርሱና የጤና መኮንኑ ተማረው። ለእያንዳንዱ ሰው መዝገብ ተከፈተ። መድኃኒቱ ለብቻው ተቆጠረ፣ ከማለቁ በፊት ተጠየቀ። ቀጠሮ የቀረ ሰው ስም ተለይቶ ወጣ፤ በስልክ፣ አንዳንዴም በእግር ተፈለገ። ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ሠልጥነው አዲሱን ታማሚ «አይዞህ፣ እኔም እንደዚሁ ነበርኩ» እንዲሉት ተደረገ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ጤንነቱ የተረጋጋ ሰው በየወሩ ከመመላለስ ድኖ የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መውሰድ ቻለ። ዛሬ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወገናችን በዚህ አሠራር ሕይወቱን ቀጥሏል። ልጅ ወልዷል፣ ድሯል፣ ኩሏል።

ይህ ሁሉ የሆነው በየትኛው አገር ነው? እዚሁ! በየትኛው ነርስ? በኛው ነርስ! በየትኛው ሕንፃ? አክስቴ ካርዷ በጠፋበት በዚያው ግቢ ውስጥ ነው!

እንግዲህ «አቅም የለንም» የምትለዋ መዝሙር እዚህ ላይ ትቆማለች። ካልቆመችም እኔ ሌላ ማስረጃ አቀርባለሁ። ጎንደርና ጅማ ውስጥ የነበሩ ሐኪሞች ከረጅም ጊዜ በፊት፣ ገና ዛሬ የሚወራው ስትራቴጂ ሁሉ ሳይጻፍ፣ አንድ ነገር አስተዋሉ። የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የግፊትና የልብ በሽተኛው ከገጠር ተነስቶ ከተማ ሆስፒታል ለመድረስ ቀን ሙሉ ይጓዛል፤ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ በሦስተኛው ይቀራል። ቀረ ማለት ደግሞ ሞተ ማለት ነው። ምን አደረጉ? በየአካባቢው ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችን አሠለጠኑ፤ ክትትሉን ወደ በሽተኛው ደጅ አወረዱት። ሐኪሙ በየጊዜው እየወረደ የከበደውን ያያል፤ የቀረውን ነርሱ ይይዛል። የጅማው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ አገር የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሞ፣ ርዕሱም «ለሌሎች አገሮች ምሳሌ» የሚል ሐረግ ነበረበት። ለሌሎች አገሮች ምሳሌ የሆንበትን ነገር ለራሳችን አገር ምሳሌ ማድረግ ያቃተን ለምንድነው? የኛ ነገር!

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የአገሮች መግለጫ፣ በኢትዮጵያ ከሚሞተው ሰው 30 በመቶው ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች እንደሚሞት ገምቶ ነበር። በ2018ቱ መግለጫ ይኸው ግምት 39 በመቶ ደረሰ። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊት እንዳለበት አሳየ። ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ቤትዎ ውስጥ ያሉትን ይቁጠሩ እስቲ! የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የኢትዮጵያን የስኳር ሕሙማን አዋቂዎች 1.9 ሚሊዮን ገደማ አድርጎ ገምቷል። «የሀብታም በሽታ ነው፣ የቅቤና የጮማ በሽታ ነው» እያሉ የሚያሾፉ ሰዎች ዛሬም አሉ። በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአክስቴ ጎን የተቀመጡትን ያየ ሰው እንዲህ አያሾፍም። ቀን ሠራተኛው አለ፣ ጉልት ቸርቻሪዋ አለች፣ ጡረታ የወጡት መምህር አሉ። የቱ ነው ጮማ የሚቆርጠው?

የእነዚህ በሽታዎች ክፋታቸው ምን መሰላችሁ? አይጮሁም። ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ኮሌራ ያዋርዳል፤ ሰው ይደነግጣል፣ ሬዲዮ ያወራል፣ ሚኒስትር ይመጣል። ግፊት ግን ዝም ብሎ ይሠራል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት። አንድ ጠዋት ሰውየው ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ግማሽ ጎኑ ይከዳዋል። ስኳርም እንደዚሁ ነው። እግር ጣት ላይ ያለች ትንሽ ቁስል ትሆንና፣ የሚያያት ሰው ካጣች እግሩን እስከ ጉልበት ትወስዳለች። ኩላሊት ከሚያደክሙት በሽታዎች ዋናዎቹ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ደግሞ በሳምንት ሁለቴና ሦስቴ በማሽን ደሙን ማጣራት አለበት። የዚያን ዋጋ በየአደባባዩ የሕመምተኛ ፎቶግራፍ ለጥፈው፣ በድምፅ ማጉያ «ለአንድ ወገናችሁ ድረሱለት» የሚሉትን ወጣቶች ጠይቁ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው። ቅጠሉ ምንድነው? በየቀኑ የምትዋጥ አንዲት ርካሽ ኪኒን፣ በየጊዜው የሚለካ ግፊት፣ «እግርህን አሳየኝ እስቲ» የምትል አንዲት ነርስ። እኛ ግን ቅጠሉን ነፍገን፣ ቤቱ ሲቃጠል በጄሪካን ውሃ እንለምናለን።

እንዲህ ከሆነ ታዲያ ለምን አልተሠራም? ምክንያቱን በቅንነት እንፈልገው ካልን ሦስት ነገር አገኛለሁ።

አንደኛው ገንዘቡ ነው። የኤች አይ ቪው ሥራ በአብዛኛው የቆመው በውጭ እርዳታ ነው። ለጋሹ ገንዘቡን ሲሰጥ «ለዚህ በሽታ» ብሎ ስም ጽፎበት ነው። ስኳርና ግፊት ስማቸውን የሚጽፍላቸው ለጋሽ አላገኙም። መንግሥታችንም ለጋሹ የጠራውን ሲጠራ፣ ለጋሹ የረሳውን ሲረሳ ኖረ። ልጁ ጎረቤት ሲያጎርሰው ብቻ የሚበላ ከሆነ የወላጁ ድርሻ ምን ሊባል ነው?

ሁለተኛው የኛው የሕሙማን ዝምታ ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን፣ መገለሉና ስድቡ በበረታበት ዘመን፣ «መቅድም» እና «ተስፋ ጎህ» የሚባሉ ማኅበራትን አቋቁመው፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ አደባባይ ወጥተው ተናገሩ። መብታቸውን ጠየቁ፣ አገኙም። የስኳር ሕሙማን ማኅበር በኢትዮጵያ ከተቋቋመ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በአቅሙ ሠርቷል። ነገር ግን አብዛኛው በሽተኛ እንደ አክስቴ ነው። ፌስታሉን ይዞ ተራውን ይጠብቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ችግሩን የደበቀም መፍትሔ የለውም።

ሦስተኛው የወረቀት ፍቅራችን ነው። ወረቀት ሞልቷል። ፖሊሲው አለ፣ ስትራቴጂው አለ፣ መመሪያው አለ፣ ባለ ቀለም ሥዕሉ አለ። በየሆቴሉ ዎርክሾፕ ይደረጋል። ከሻይ ዕረፍት በኋላ «የተቀናጀ አገልግሎት» ይባላል፣ ከምሳ በኋላ «ሕመምተኛ-ተኮር» ይባላል፣ አበል ይፈረማል፣ ይወጣል። እኔ በነዚህ ቃላት ላይ ጥል የለኝም። ግን «የተቀናጀ» ማለት ካርዱ የማይጠፋ፣ ሰኞና ሐሙስ የሚተዋወቁበት ማለት ካልሆነ ምን ማለት ነው?

ስለ ጤና መድኅኑም ሳልናገር አላልፍም። የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ተግባራዊነቱ ስንቴ እንደተራዘመ የመንግሥት ሠራተኛው ያውቀዋል። የማኅበረሰብ አቀፉ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሙከራ ተጀምሮ ተስፋፍቷል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና እኔም እደግፈዋለሁ፤ አክስቴም መዋጮዋን አንድ ዓመት አላቋረጠችም። ግን መዋጮ የከፈለ ሰው መድኃኒት ክፍል ሲደርስ ማኅተም ብቻ ከተሰጠው፣ ይህ መድኅን ሳይሆን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ማኅተም ግፊት አያወርድም!

መድኃኒቱ ደግሞ አብዛኛው የሚመጣው ከውጭ፣ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ኢኮኖሚስቶቹ ስለ ኤክስፖርት ይከራከሩ። እኔ የማየው ፌስታሏን ነው። ዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዋጋው ሲንር «ቆይ እስኪቀንስ ልጠብቅ» ማለት አይችልም። ምን ያደርጋል? ኪኒኗን ለሁለት ይሰብራል። አንድ ቀን ይውጣል፣ አንድ ቀን ይዘላል። አክስቴ እንዲህ ታደርግ እንደነበር የነገረችኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ ያውም አፍራ።

ይህ ችግር በሰላሙ ቀን ነው። በጦርነቱ ቀንስ? በ2014 ዓ.ም. የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን እያለቀብን ነው፣ ሕሙማን እየሞቱብን ነው ብለው ለዓለም አቤት ያሉትን ሰምተናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚቀር ቀጠሮና የማይደርስ መድኃኒት አለ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሕፃን ተዋጊ አይደለም፤ ተኩስ አቁም እስኪፈረም ድረስም ስኳሩ አይጠብቀውም። ማንም ይሁን ማን፣ የትኛውም ወገን፣ የመድኃኒት መኪና ያስቆመ ሰው በሕሙማን ላይ ፈርዷል።

አሁን ደግሞ ወደ ማስጠንቀቂያው ልምጣ። ከላይ ያመሰገንኩት የኤች አይ ቪ አሠራር ራሱ ምን ላይ እንደቆመ ባለፈው ጊዜ ታየ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025፣ በኛ ጥር 2017 ዓ.ም.፣ ዋሽንግተን ላይ አንድ ፊርማ ተፈረመና የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ቆመ። በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ በጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ መታዘዙ ተዘገበ። «ምነው ቀረህ?» እያሉ ይደውሉ የነበሩት እንዲህ ያሉት ሠራተኞች ነበሩ! የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ነው። ሃያ ዓመት የተማርነውን ጥበብ በራሳችን ገንዘብ፣ በራሳችን መዋቅር ውስጥ ካላስገባነው፣ ጥበቡም እንደ እርዳታው ሊሄድብን ነው። ለአክስቴ ሳይደርስ ለዚያኛውም ሊጠፋ!

የሚደውለው ሰው ራሱ መብላት እንዳለበትም አንርሳ። ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አላኖረንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ መልሱ ማስፈራሪያና እስር መሆኑን ታዝበናል። ስድሳ በሽተኛ በሩ ላይ የቆመበት ያ ወጣት ሐኪም የአክስቴን ፋይል ከሀ እስከ ፐ እንዲያነብ የምንፈልግ ከሆነ፣ የቤት ኪራዩን ሳያስብ እንዲያነብ እናድርገው።

እንግዲህ ትችት ብቻ ጽፎ መቀመጥ የጋዜጣ ወግ አይደለም። እኔ የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም፤ ሪባንም አይቆረጥበትም። ምናልባት ሹማምንቱ ያልወደዱት ለዚህ ይሆን? የምጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ አንድ ሰው አንድ መዝገብ ይኑረው። ስኳር፣ ግፊት፣ ልብ፣ ኩላሊት፣ ሁሉም በአንድ ላይ የሚጻፍበት። አንዱ ቅጂ በጤና ጣቢያው፣ አንዱ ደብተር በበሽተኛው እጅ። ሕፃን ሲከተብ እናቱ ካርድ ትይዛለች፤ አዋቂው ለምን አይይዝም?

ሁለተኛ፣ በየጤና ጣቢያው ለእነዚህ ሕሙማን ኃላፊ የሆነ፣ ስሙ የሚታወቅ አንድ ነርስ ይመደብ። ሐኪም ይቀያየራል፣ ይዛወራል፤ በሽተኛው ግን «የኔ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ስኳር፣ ግፊትና ዓይን ያለባት ሴት በአንድ ቀን ትታይ።

ሦስተኛ፣ ጥቂት ግን ፈጽሞ የማይጠፉ መድኃኒቶች ይለዩ። ኢንሱሊን፣ ሜትፎርሚን፣ አምሎዲፒንና መሰሎቹ የግፊት ኪኒኖች፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የልብ ቫልቫቸው በቶንሲል መዘዝ ለተጎዳ ልጆች በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን። ዶላር ሲገኝ ከመኪናና ከቤት ዕቃ በፊት ለእነዚህ ይመደብ። የተረጋጋ በሽተኛም በየወሩ ከመንከራተት የሦስትና የስድስት ወር ይሰጠው፤ ለአንዱ ከተቻለ ለሌላውም ይቻላል።

አራተኛ፣ የቀረው ይፈለግ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቷል። ይህ የመንግሥት መልካም ሥራ ነው፤ መልካሙን መልካም ማለት አይከብደንም። እነዚህ ልጆች እያንዳንዱን በር ያውቁታል። ግን ሥራ ብቻ አትጫኑባቸው። የግፊት መለኪያውንም፣ ሥልጠናውንም፣ ተገቢውንም ክፍያ ስጧቸው።

አምስተኛ፣ በየዓመቱ ሦስት ቁጥር በይፋ ይነገረን። ስንት ሰው ተመዘገበ? ከዓመት በኋላ ስንቱ ክትትል ላይ አለ? የስንቱ ስኳርና ግፊት ልክ ገባ? «ይህን ያህል ባለሙያ ሠለጠነ፣ ይህን ያህል መመሪያ ታተመ» የሚለውን ሪፖርት ጠግበናል። የሠለጠነውን ሳይሆን የዳነውን ቁጠሩልን።

አንባቢም የራስህን ድርሻ አትርሳ። ዕድሜህ ከ40 ካለፈ ዛሬውኑ ግፊትህን ተለካ። ቤትህ ውስጥ እንደ አክስቴ ያለ ፌስታል ካለ ዛሬ ማታ ዘርግፈው፤ ምን እንደምትውጥ፣ መቼ እንደምትቀጠር ጻፍላት። መድኃኒቷን በገንዘብ እጥረት እየሰበረች እንደሆነ ሳትቆጣ ጠይቃት። መንግሥት እስኪነቃ ድረስ እናታችን ወድቃ ማግኘት የለብንም።

አክስቴ የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ካርዱ ይገኝ አይገኝ እንጃ። እሷ ግን ፌስታሏን አዘጋጅታለች፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ትገኛለች። እንበልና አንድ ቀን ቀረች፤ አሞአት፣ ገንዘብ አጥሯት፣ ወይም ያው የማይቀረው ደርሶባት ቀረች። በዚያ ትልቅ ግቢ ውስጥ መቅረቷን የሚያውቅ አንድ ሰው ይኖራል?

ስልኩ አለ። ነርሷ አለች። አሠራሩም አለ፣ ሃያ ዓመት ተፈትኗል። የጎደለው «ይህችም ሰው ናት፣ በመዝገብ ጻፏት» የሚል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን ለመስጠት ዎርክሾፕ አያስፈልግም።

መልሱን እንጠብቃለን!